«ለስላሳ ነው እኮ ዶክተር!»፦ ስለ ኢነርጂ ድሪንክ ለሐረር ወላጆች

ዛሬ የምጽፈው ብዙ ወላጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። በተለይ ለፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ወይም ሌሊት የሚያሽከረክር ወንድም ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚህ ሐረር «ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ የሚመጣ ወጣት ሲገጥመን የምንጠይቃቸው የተለመዱ ጥያቄዎች አሉ። ጫት ትቅማለህ? ሲጋራስ? አልኮልስ? ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ሳይደብቅ ይመልሳል፤ ጫት በዚህ ከተማ ከሐኪም የሚደበቅ ነገር አይደለም። እኔ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። «ኢነርጂስ?» እላለሁ። ፈገግ ይላል። «እሱማ ለስላሳ ነው እኮ ዶክተር!»

በቀን ስንት? «አንድ... ሁለት። ፈተና ሲደርስ ሦስት።»

እናት አጠገቡ ከተቀመጠች የምትደነግጠው በቁጥሩ እንጂ በመጠጡ አይደለም፤ ገንዘቡን ብዙ ጊዜ የምትሰጠው እሷው ናትና። «ጫት ላይ ከሚቀመጥ ይሄ ይሻለዋል ብዬ ነው» ያለችኝ እናት አለች። ንግግሯ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ከልቧ ነው፣ ለልጇ ያሰበችም መስሏታል። እዚህ ከተማ ልጅን ከበርጫ ማራቅ ምን ያህል ትግል እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ልጁ ጫቱን ትቶ ወደ ኢነርጂው አልሄደም። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል። የዛሬው ጽሑፌ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ላስረዳችሁ።

ስሙ «ኃይል ሰጪ» ይሁን እንጂ በውስጡ ጉልህ ሥራ የሚሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ስኳርና ካፌይን። ስኳሩ እንደማንኛውም ስኳር ለጥቂት ጊዜ ያነቃና ይወርዳል። ካፌይኑ ግን ኃይል የሚባል ነገር አይሰጥም። ነቅተን በቆየን ቁጥር አእምሯችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው መልእክት የሚተላለፈው በእሱ ነው። ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። መልእክቱ አልደረሰም ማለት ነው እንጂ ድካሙ አልጠፋም። አዴኖሲኑ መጠራቀሙን ይቀጥላል፤ ካፌይኑ ከሰውነት ሲወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ልጁ «ሲለቀኝ ከበፊቱ ይብሳል» የሚላችሁ እውነቱን ነው።

ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በጤናማ አዋቂ ሰው የተጠጣው መጠን ወደ ግማሽ ለመውረድ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ልጃችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን ያለበትን ትልቁን ቆርቆሮ ቢጠጣ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ 80 ሚሊ ግራሙ አሁንም በደሙ ውስጥ ይኖራል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ለሱብሒ ሶላት የሚነሱ ሰዎች ለመንቃት ሲቃረቡ፣ 40 ሚሊ ግራም ገና አለ። ልጁ ተኝቶ ቢሆን እንኳን እንቅልፉ የሚገባውን ያህል ጥልቅ አይሆንም።

ስለ መጠኑ ካነሳን፦ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የሬድ ቡል ቆርቆሮ 80 ሚሊ ግራም ካፌይንና 27 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ወደ 7 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዙት ትልልቆቹ፣ እንደ ሞንስተር ያሉት፣ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን አላቸው፤ ስኳራቸው ደግሞ ከ50 ግራም ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢበዛ ይህን ያህል ቢሆን ይመረጣል የሚለው የተጨመረ ስኳር 25 ግራም አካባቢ ነው። «ስኳር የሌለው» ተብሎ የሚሸጠውስ? ስኳሩ ቀርቷል፤ ካፌይኑ ግን እንዳለ ነው።

ለማስላት አትቸገሩ። ብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ላይ በደቃቅ ፊደል «በ100 ሚሊ ሊትር ይህን ያህል ሚሊ ግራም ካፌይን» የሚል ጽሑፍ አለ። 32 ካለና ቆርቆሮው 500 ሚሊ ሊትር ከሆነ በ5 አባዙት፤ 160 ይመጣል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ ስጋት እንደማይሆንበት ገልጿል። ለልጆችና ለታዳጊዎች ያስቀመጠው ልክ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 35 ኪሎ የሚመዝን የ6ኛ ክፍል ልጅ ልኩ 105 ሚሊ ግራም ነው ማለት ነው፤ ትልቁን ቆርቆሮ ቢጨርስ አልፎታል። 50 ኪሎ የምትመዝን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልኳ 150 ነው፤ እሷም በአንድ ቆርቆሮ አልፋዋለች። ይህ እንግዲህ ቡናና ሻይ ሳይቆጠር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ነገሩን ከነጭራሹ አሳጥሮታል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢነርጂ ድሪንክ በልጆችና በታዳጊዎች አመጋገብ ውስጥ ቦታ የለውም ብሏል። እኔም ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የምመክረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ዶክተር፣ እኛ የቡና አገር ሰዎች አይደለንም ወይ? የሐረር ቡና ዓለም ያወቀው ነው። ቡናም ካፌይን አለው፤ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ካፌይኑ አንድ ነው፤ አጠጣጡ ግን ሌላ ነው። ቡና ትኩስ ነው፣ በትንሽ ስኒ ነው፣ ይመራል፣ ቁጭ ብሎ ከሰው ጋር ነው የሚጠጣው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው በመካከላቸው ጊዜ አላቸው፤ እየቀጠነም ይሄዳል። እዚህ በየቤቱ የምናፈላው የቡና ቅጠሉ ቁጢና በወተት የሚፈላው ሆጃም እንዲሁ በዝግታ የሚጠጡ ናቸው። ቆርቆሮው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ተጠምቶ ከኳስ ሜዳ የመጣ ልጅ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ግማሽ ሊትር ትኩስ ቡና በሁለት ደቂቃ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

የነዚህ መጠጦች አነሳስም ብዙ ይናገራል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ሬድ ቡል የመጣው ከታይላንድ ነው፤ እዚያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክራቲንግ ዴንግ በሚል ስም ይሸጥ የነበረው በዋናነት ለከባድ መኪና ሹፌሮችና ለጉልበት ሠራተኞች ነበር። አንድ የኦስትሪያ ነጋዴ ወስዶት ጋዝና ቅዝቃዜ ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአውሮፓ ወጣቶች አቀረበው። እንቅልፉን ሊያሸንፍ ለሚታገል ጎልማሳ ሹፌር የተሠራ ነገር ነው ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች በእረፍት ሰዓት የሚይዙት። (በነገራችን ላይ «ታውሪን ከበሬ ነው የሚወጣው፣ ሐላል ነው ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ታውሪን መጀመሪያ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከበሬ ሐሞት ስለሆነ ስሙ ከዚያ ቀረ፤ ለመጠጥ የሚውለው ግን በፋብሪካ በኬሚካል መንገድ የሚሠራ ነው። የሃይማኖቱን ብይን ለዑለማዎች እተወዋለሁ።)

አሁን ወደ ሐረራችን ልመለስ።

ጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። አሠራሩ የአምፌታሚንን ይመስላል፤ አእምሮ ውስጥ ዶፓሚንን፣ በሰውነት ደግሞ ኖራድሬናሊንን ያስለቅቃል። ምርቃናው፣ ወሬው፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ መጨመር ከዚያ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል፤ ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉትም ለዚህ ነው። ጥናቶች እንዳሳዩት ካቲኖን በደም ውስጥ ጫፍ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ካፌይን ደግሞ ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ይወጣል።

እንግዲህ አስቡት። ልጁ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀመጠ። ድሮ ከጫት ጋር የሚቀርበው ውሃ፣ ኦቾሎኒ፣ ሻይ ወይም ለስላሳ ነበር። አሁን በለስላሳው ቦታ ኢነርጂ ገብቷል። ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ይመራል፤ ጣፋጩና ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ደግሞ ይመቻል። በሁለተኛው ሰዓት አካባቢ ሲከፍተው የሁለቱ ጫፍ በአንድ ሰዓት ይገናኛል። አንዱ ልብን ከአንድ በኩል፣ ሌላው ከሌላ በኩል ይነዳታል። ጫት የልብን ደም ሥር ሊያጠብ እንደሚችልም የታወቀ ነው፤ ልብ ብዙ ደም በምትፈልግበት ሰዓት የሚደርሳት ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው። አብዛኛው ጤናማ ወጣት ከዚህ በኋላ ምንም ሳይሆን ይነሳል። ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ነገር ግን የልብ ምቱ 130 ሆኖ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ልሞት ነው» እያለ በጓደኞቹ ተደግፎ የሚመጣውም ከዚያው በርጫ ነው።

ነገሩ እዚህም አያበቃም። ማታ ምርቃናው አልወርድ ሲል ጨብሲ ይፈለጋል። ለአንዱ ቢራ ነው፣ ለሌላው አረቄ፣ ለሌላው ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገኘ የእንቅልፍ ክኒን። ካፌይኑ ገና በደሙ ውስጥ ስላለ ስካሩ አይሰማውም፤ አልሰከርኩም ብሎ ይጨምራል። ስካሩ ግን አለ። መሪ ሲይዝ፣ ሞተር ሲነሳ፣ ጠብ ሲጀመር ነው የሚታወቀው። አሜሪካ ውስጥ ካፌይን የተጨመረባቸው የአልኮል መጠጦች በፋብሪካ ታሽገው ይሸጡ ነበር፤ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 አካባቢ ለአራት አምራቾች ማስጠንቀቂያ ጻፈና ከገበያ ወጡ። የእኛ ልጆች ግን ራሳቸው ይቀላቅሉታል። ጠዋት ደግሞ የሌሊቱን ድካም ለማባረር ሌላ ቆርቆሮ ይከፈታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንድ ቆርቆሮ ብቻውን አይደለም፤ ቀኑንና ሌሊቱን ያስተሳሰረው ይህ ሰንሰለት ነው።

ሹፌሮቻችንና የባጃጅ ልጆቻችን ይህን ልብ በሉልኝ፦ ካፌይን ዓይንን ይገልጣል እንጂ ያልተኛ አእምሮ ለሁለትና ሦስት ሴኮንድ ብልጭ ብሎ ከመጥፋት አያድነውም። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁት ሦስት ሴኮንድ እዚያ ምን እንደሚያደርግ አትጠፋችሁም። መኪናውን ዳር አቁሞ 20 ደቂቃ መተኛት ከማንኛውም ቆርቆሮ የተሻለ ነው።

ስለ ተማሪዎቻችን ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ አብዛኛው የወላጅ ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነውና። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያ ቁጥር በየቤቱ ፍርሃት ትቶ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሌሊት ካልነቃ የሚወድቅ ይመስለዋል፤ ወላጁም መብራት ሲያይ ደስ ይለዋል። ሆኖም የተማርነው ነገር በአእምሯችን የሚጸናው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። ታዳጊ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት በኢነርጂ ነቅቶ ያነበበው ምዕራፍ ጠዋት «አውቀው ነበር ግን ጠፋብኝ» የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

ሌላም ያልተጠበቀ ጣጣ አለው። ልጁ ለሁለት ወር በቀን ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ለምዷል እንበል። ፈተናው ከቤት ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ከሆነ፣ ተፈትሾ ይገባል፣ ለቀናት እዚያው ያድራል፣ ኢነርጂም ጫትም የለም። ካፌይን የለመደ ሰውነት በድንገት ሲያጣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ቀን ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይም ይችላል። ድብርት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ አብረው ይመጣሉ። እንዲያልፍበት ብላችሁ የገዛችሁለት ነገር በፈተናው ጠዋት ጭንቅላቱን ይዞ እንዲቀመጥ ያደርገዋል ማለት ነው። «ግቢ ገብቼ ታመምኩ፣ ውሃው አልተስማማኝም» የሚሉ ልጆች ሲገጥሙኝ ስለ ቆርቆሮው የምጠይቀው ለዚህ ነው። ለምዶ ከሆነ ከፈተናው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስ፤ ሦስት የነበረው ለአራት አምስት ቀን ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ ግማሽ፣ የመጨረሻውም ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን። በአንድ ቀን አታስቁሙት።

አሁን የምናገረውን ወላጆች በደንብ ያዙልኝ፤ ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለነዚህ ልጆች ነው። አገራችን ውስጥ በልጅነት ደጋግሞ ከያዘ ቶንሲል በኋላ በሚመጣ የሩማቲክ ሕመም የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉ። ግማሾቹ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋሉ፤ ግማሾቹ ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳን አያውቁም። ለታካሚዎቼ ሳስረዳ በጀጎል በር ነው የምመስለው። ጀጎል አምስት የጥንት በሮች አሉት፤ ልብ ደግሞ አራት። በብዙ ልጆች የሚጠበው በግራ በኩል ያለው፣ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያሳልፈው በር ነው። የገበያ ቀን ሸዋ በር ግማሹ ቢዘጋ ሰው ቀስ ብሎ ከገባ ይገባል፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። ይህ የልብ በር የሚከፈተው ልብ በምታርፍበት ቅጽበት ብቻ ነው። ልብ ስትፈጥን መጀመሪያ የሚያጥረው ያ የእረፍት ጊዜ ነው። ያኔ ደሙ ማለፍ አቅቶት ወደ ኋላ ይከመራል፤ ከኋላው ያለው ሳንባ ነው። ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ማለት ያቅተዋል፣ አረፋ ያለው አክታ ሊያስለው ይችላል። ለጤናማ ጓደኛው ትንሽ የልብ ምት ብቻ የሆነው ጫትና ኢነርጂ ለእሱ ድንገተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የልብ ክትትል ያለው፣ መርፌ የሚወጋ፣ ደረጃ ሲወጣ ከእኩዮቹ በፊት የሚደክመው፣ ወይም ከቅርብ ዘመዱ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ልጅ አንድም ቆርቆሮ አይጠጣ። «በጥቂቱ» የሚባል ነገር ለእሱ የለም።

መድኃኒት የሚወስዱም ይጠንቀቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ብዙዎቻችሁ «ሲፕሮ» የምትሉት፣ ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበትን መንገድ ያዘገየዋል፤ ያው አንድ ቆርቆሮ እንደ ሁለት ይሆናል። የወሊድ መከላከያ ክኒንም እንዲሁ ያዘገየዋል። ለአስም የሚሰጡት ሳልቡታሞልና አሚኖፊሊን ራሳቸው ልብን ያስመታሉ። ነፍሰ ጡር እናቶች ካፌይናቸው ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ያንንም ከቡና ብታገኙት እመርጣለሁ።

ረመዳን ላይ የታዘብኩትን ልጨምር። አንዳንድ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ጾመው መግሪብ ላይ ከቴምሩና ከውሃው ቀድመው ቀዝቃዛ ኢነርጂ ይከፍታሉ። በባዶ ሆድ ካፌይኑ ፈጥኖ ይገባል፣ ጨጓራ ያቃጥላል። ከተራዊሕ በኋላ ደግሞ ጫት፣ ለሱሑር ደግሞ ሌላ ቆርቆሮ። በጾም ወር የልብ ምትና የእንቅልፍ እጦት ይዞ የሚመጣው ወጣት ቁጥር የሚጨምርብኝ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቴምርና ውሃ የሚሠሩትን ሥራ የትኛውም ቆርቆሮ አይሠራውም።

«ልጄ ግን ሁልጊዜ ይደክመዋል፣ ለዚህ ነው የምገዛለት» የምትሉም አላችሁ። ሳምንታትን ያስቆጠረ ድካም ምርመራ ያስፈልገዋል። ደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የወር አበባ የሚበዛባቸው ልጃገረዶች ላይ። የእንቅርት እጢ፣ ስኳር፣ ቲቢ ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ኢነርጂው ምልክቱን ሸፍኖ ሕመሙን ያቆየዋል።

በሌሎች አገሮች ነገሩን በሕግ ይዘውታል። ሊትዌኒያ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ፖላንድ ደግሞ ከጥር 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ከልክለዋል። ብዙ ዘመዶቻችን የሚኖሩባት ሳዑዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 ማስታወቂያውን ከልክላ፣ በትምህርትና በስፖርት ተቋማት እንዳይሸጥ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ 100 ከመቶ ታክስ ጣለችበት። እዚህ ትምህርት ቤት አጠገብ ካለ ሱቅ የ12 ዓመት ልጅ ሲገዛ ግን ዕድሜውን የሚጠይቀው አላየሁም። ባለሱቆቻችን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ልጁን በስሙ ያውቁታል፤ «ለእሱ አትሽጥለት» ብላችሁ ብትነግሯቸው እንደሚሰሟችሁ እርግጠኛ ነኝ። ከሕግ በፊት ይህን መሞከር ይቻላል።

ከልጁ ጋር ስትነጋገሩ በቁጣ አትጀምሩ። ቆርቆሮውን አንሱና ካፌይኑን አብራችሁ አስሉ። ልጆቻችን ሒሳብ ይችላሉ፤ ቁጥሩን ራሱ ሲያወጣው ከምክራችሁ ይልቅ ያምነዋል። የልብ ምቱን መቁጠርም አስተምሩት። ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ለ30 ሴኮንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ነው። ቁጭ ብሎ ያረፈ ወጣት ምቱ ከ60 እስከ 100 ነው። ግማሽ ሰዓት አርፎም ከ120 በላይ ከሆነ፣ ወይም ምቱ እየዘለለ የተዘበራረቀ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይምጣ።

ራሱን ከሳተ፣ በተለይ እየሮጠ ወይም ኳስ እየተጫወተ ከሆነ፤ ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፤ ትንፋሽ ካጠረው፤ ካንቀጠቀጠው ወይም ንግግሩ ከተዛባ ግን ምት እየቆጠራችሁ አትቆዩ። ውሃ አትርጩበት፣ ወተት አታጠጡት፣ «ምርቃናውን ያብርድለት» ብላችሁ ቢራም ሆነ ክኒን አትስጡት። ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ባዶውን ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ። ጓደኞቹ አብራችሁ የምትመጡ ደግሞ የወሰደውን ሁሉ ንገሩን፤ ጫቱን፣ ኢነርጂውን፣ ክኒኑንም። የምንጠይቃችሁ ልንከስ ወይም ለቤተሰብ ልናሳጣ አይደለም፤ የምንሰጠው መድኃኒት በእሱ ስለሚወሰን ነው።